የቅዳሜው ዝግ ስብሰባ

የቃል ሰጪው ስም፦ ፀሐዩ ሊባኖስ
ዕድሜ፦ 70
አድራሻ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የፓርኪንግ ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ቅዳሜ ኦክቶበር 18 ቀን 2025
ቃል ተቀባይ፦ ኦፊሰር ሮዳስ ወንድሜነህ፣ በአማርኛ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ነው። ቃሌን የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ካልፈለግሁ ዝም ማለት እንደምችል ተነግሮኝ፣ እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ይበቃል ብዬ መልሻለሁ።

አቶ ወልደአምላክ ይስሐቅን አውቀው እንደሆነ ተጠይቄ፣ ከሚገባው በላይ አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እኔ፣ እሱና ባለቤቴ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ሙሉዓለም አብረን እንሠራ ነበር። እሱ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ማለትም የኢሠፓ ሙሉ አባል ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤታችን የነበረው የፓርቲው መሠረታዊ ድርጅት ጸሐፊ ነበር። ባለቤቴም ሙሉ አባል ነበረች። እኔ ዕጩ ነበርኩ። ዕጩ በሁለት ሙሉ አባላት ድጋፍ ይቀርባል፤ ሥራውና ጠባዩ ይታያል፤ ከዚያ በአባላት ድምፅ ይጸድቃል። ከእኔ በኋላ ዕጩ የሆኑት ሁሉ፣ መዝገብ ቤት የነበረው ሰነፍ ሳይቀር፣ ሲጸድቁ የእኔ ጉዳይ "ይቆይ" እየተባለ ፓርቲው ራሱ እስኪፈርስ ቆየ።

ሙሉ አባላቱ ቅዳሜ ጠዋት ዝግ ስብሰባ ነበራቸው። ባለቤቴ ከዚያ ስትመለስ ምን እንደተነጋገሩ ብጠይቃት "የፓርቲ ጉዳይ ነው" ትለኛለች። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ የፓርቲ ጉዳይ ነው እየተባልኩ ኖሬያለሁ። ወልደአምላክ ያን ጊዜ መለሎ፣ አንደበተ ርቱዕና ካኪ የሚያምርበት ሰው ነበር። አባልነቱን ለምን እንደፈለግሁት ተጠይቄ፣ ለሶሻሊዝም ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። የፈለግሁት እዚያ ክፍል ገብቼ እሱ አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ ለማየት ነው። እንዳልገባ ያደረገኝም እሱ ነው ብዬ አምን ነበር።

በዲቪ ወደዚህ አገር ከመጣን በኋላ ነገሩ ተኝቶልኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ወልደአምላክ ሚስቱ ሞታበት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አናንዴል የምትኖር ልጁ ዘንድ መጣ። ሳይውል ሳያድር የድሮ አባላትን አሰባስቦ፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአንድ ሬስቶራንት ጀርባ ባለች ክፍል መሰብሰብ ጀመሩ። ፓርቲው ከፈረሰ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ሰብሳቢ አላቸው፣ አጀንዳ አላቸው፣ እጅ አውጥተው ድምፅ ይሰጣሉ። የሚያወሩት ማን ታመመ፣ ማን ሞተ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ሙሉ አባል ያልነበረ አይገባም። ባለቤቴን እስከ በሩ የማደርሳት እኔ ነኝ፤ ፓርኪንግ ሎት ላይ ተቀምጬ የምጠብቃትም እኔ ነኝ። ስትወጣ ምን ተባለ ስላት "የስብሰባ ነገር ነው" ትለኛለች፣ ያውም እየሳቀች። ለልጃችን ሠርግ ያልተቀባችውን ሊፕስቲክ ለዚህ ስብሰባ ትቀባለች። ይህን ለልጄ ለሩሃማ ደውዬ ብነግራት "ዳድ፣ ካም ኦን፣ ሺ ኢዝ ሲክስቲ ሰቨን" አለችኝ። ስልሳ ሰባት ዓመት ቢሞላትም ለእኔ ያው ናት፤ ለእሱም ያው ልትሆን ትችላለች።

ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መኪና ውስጥ መቀመጡ አንገፍግፎኝ ወርጄ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ከወገቡ በላይ መስተዋት ነው። ባለቤቴ ከወልደአምላክ አጠገብ ተቀምጣለች። ሁሉም እጃቸውን ሲያወጡ እሷ ብቻ አቀርቅራ ነበር። ወልደአምላክ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራትና እጇን ያዛት። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልታየኝም። በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ ኮሌታውን ይዤ ገፈተርኩት፤ ከነወንበሩ ወደቀ። የእጁ አንጓ የተሰበረው በዚህ ነው። በቡጢ መትቼው እንደሆነ ተጠይቄ፣ አልመታሁትም፤ ልመታው ግን ፈልጌ ነበር።

የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያዥ አቶ ንጉሡ መሀላችን ገብቶ "ጓድ ፀሐዩ፣ ምን ነካህ? የዛሬው አጀንዳ እኮ የአንተ አባልነት ነው!" አለኝ። ወልደአምላክም መሬት ላይ እንዳለ "ያን ጊዜም በዝግ ስብሰባው ይጽደቅ ብዬ የተከራከርኩልህ እኔ ነኝ፣ ዛሬም እኔው ነኝ። ውጭ መቀመጥህ አሳዝኖኝ ነው። እሷንም እሺ በይ እያልኩ እየለመንኳት ነበር" አለ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ማን ነው ያስቀረኝ ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ባለቤቴን ያዩ ጀመር። በእኛ መሠረታዊ ድርጅት ልማድ የዕጩው ሚስት አባል ከሆነች ስለ ጠባዩ ትጠየቃለች፤ እሷ ካልደገፈች ጉዳዩ ይቆያል። ልማዱን አውቀው ነበር። እሷ ትሆናለች ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።

ባለቤቴ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ እንዲህ አለች፦ "ቢሮ አብረን፣ ቤት አብረን፣ ዘመድ ጥየቃ አብረን። የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ ሳልባል የምተነፍሰው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነበር። እዚያም ልትመጣብኝ ነበር፣ ፀሐዩ? ያን ጊዜ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ይቆይ።" እኔም ከወልደአምላክ ጋር ምን ነበራችሁ ብዬ ጠየቅኋት። "ይኸው! አያችሁት?" አለቻቸው። ከዚያም ወደ እሱ ዞራ የተሰበረ እጁን እኔ በገዛሁላት ሻርፕ ማሰር ጀመረች።

በሁለቱ መካከል ነገር ስለመኖሩ ማስረጃ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ የለኝም። ምንም እንደሌለ አምን እንደሆነ ተጠይቄ፣ ባለቤቴን ጠይቁልኝ ብያለሁ። አቶ ወልደአምላክ እንድከሰስ እንደማይፈልግ ኦፊሰሯ ገልጻልኛለች፤ ይህንንም ያደረገው ለባለቤቴ ብሎ ነው።

ከዚህ በላይ የሰፈረው የራሴ ቃል ነው። ኦፊሰሯ አንድ በአንድ አንብባልኛለች፤ ያልተናገርኩት አልተጨመረም፣ የተናገርኩትም አልተቀነሰም፤ እውነት ስለመሆኑ እፈርማለሁ። ባለቤቴ በሚቀጥለው ክፍል ቃሏን በመስጠት ላይ ስለሆነች ምን እንዳለች እንዲነበብልኝ ጠይቄ፣ አይቻልም ተብያለሁ። ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ ስባልም፣ እስክትወጣ ከበሩ ውጭ እጠብቃታለሁ ብያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ፀሐዩ ሊባኖስ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ኦፊሰር ሮዳስ ወንድሜነህ