የላሟ ሕመምና የወይዘሮ ገላነሽ ድካም

ወይዘሮ ገላነሽ ላማቸው ካለፈው ማታ ጀምሮ ማመስኳት ስለተወች በጠዋት ወደ ወረታ የከብት ሐኪም ሊወስዷት ተነሡ። ከተማው መግቢያ ላይ ገመዷን ይዘው ቆም ሲሉ፣ ወደ ሥራዋ የምትሄደው የጎረቤታቸው ልጅ፣ የጤና መኮንኗ ጽጌሬዳ ደረሰችባቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ትክ ብላ አየቻቸው።

«እቴቴ፣ ላሟ ደኅና ትራመዳለች፤ የሚያለከልኩት እርስዎ ነዎት።»

«ድካም ነው ልጄ። የሩዙ አረም ነው። ደረቴን ትንሽ ጫን ይለኛል፤ ጀርባዬንና መንጋጋዬን ይይዘኛል፤ ዳገት በሌለበት አገር ትንፋሽ ያጥረኛል።»

ጽጌሬዳ ይህ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ይታዩ ብላ ለመነቻቸው። ወይዘሮ ገላነሽ ሳቁ። ልብ የሚያመው ወንድን ነው አሏት። በቀደም ባላቸውን አቶ ባየህን ደረታቸውን ወጋ ቢያደርጋቸው፣ ሽማግሌውም ንስሐ አባቱም አጅበዋቸው፣ በሬዎቻቸውን ለማን እንደሚያወርሱ እየተናዘዙ በባጃጅ ሄደው ነበር። ማታ የበሉት ሽንብራ ነፍቷቸው ኖሯል። ስንቁን ተሸክመው በእግር የተከተሉት ወይዘሮ ገላነሽ ናቸው፤ ያን ቀንም ደረታቸውን ጫን ብሏቸው ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«የታመመ ሰው ፊት?»

እንዲህ ነው ነገሩ፤ ወንዱን ሲወጋው አገር ይጠራል፣ ሴቲቱ ግን አረሙን፣ ምቹን፣ ዕድሜዋን ሰበብ ታደርጋለች።

«አቶ ባየህ ደግ አደረጉ» አለች ጽጌሬዳ። «ሽንብራ መሆኑ የታወቀው ስለሄዱ ነው። ደግሞስ ላሟን ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ ምን አስቸኮለዎት? እሷም ደክሟት ይሆናላ።»

«ምን ነካሽ? ላም እንደ ሰው ደኅና ነኝ ብላ አታታልልም። ማመስኳት ከተወች ታማለች።»

ይህን እንዳሉ ዞረው ላሟን አዩ።

«ለካ የማታልለው እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው፤ ያን ጊዜ ፈሩ።

ላሟን ከአንድ ዘመድ ደጅ አስረው በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ምርመራው ልባቸው መታመሙን ስላመለከተ ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ እዚያም ሳይብስ ደርሰዋል ተብለው መድኃኒት ጀመሩ። አቶ ባየህ ከታማሚዋ በላይ አለቀሱ፤ ስንቁን ግን በዚህ ጊዜ የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። ላሟም ያ ዘመድ ለከብት ሐኪሙ አሳይቷት ድናለች።

ዛሬ ወይዘሮ ገላነሽ ሳያለከልኩ ወረታ ይደርሳሉ። በአረም ጊዜ አንዲት ሴት ደረቷን ይዛ «ድካም ነው» ያለች እንደሆነ፣ «ላም ብትሆኚ ይኸኔ ሐኪም ዘንድ በደረስሽ ነበር!» ይሏታል። ካመነታችም ባሏን ጠርተው ስንቁን ያሸክሙታል።