የታክሲ መስኮት ጥናት

ጉልበቴ ቢደክምም ጆሮዬ ለሰው ወሬ ገና ጎረምሳ ነው። ከካዛንቺስ ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ስሳፈር ከፊቴ ሁለት ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተቀምጠው ነበር።

«ስሚ፣ ከእንግሊዞቹ ጋር ያመለከትነውን የምርምር ግራንት አገኘነው!»

«ሙች በይ! የታክሲ ውስጥ አየር የምታጠኑበትን?»

«አዎ! ማለቴ፣ ልንወድቅ ነበር። ገምጋሚዎቹ በዙም ‹መስኮት መክፈት አይቀልም ወይ?› ሲሉን እንግሊዛዊው ባልደረባዬ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።»

«አንቺስ?»

«‹እኛ አገር ብርድ ይመታኛል ብሎ የሚዘጋው አንድ ሽማግሌ አይጠፋም› አልኳቸዋ!»

«ሳቁ?»

«መሳቅ ብቻ! ‹እሱንም አብራችሁ አጥኑት› ብለው አጸደቁልን። በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሽማግሌ ፍለጋ ነው!»

«እልልል!»

ኮቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ገና ስገባ የዘጋሁትን መስኮት ቀስ ብዬ ከፈትኩት።