ፀሐይ ያልነካት ሚስት

ከኮኪት ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ፍሬም የገባ ትልቅ ፎቶ ጭናቸው ላይ አቁመዋል። አጠገባቸው ያለችው፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉትን ቶብ የለበሰች ሴት አላስቻላትም።

«አባቴ፣ ፎቶው ላይ ከጎንዎ የቆመችው ልጅዎ ናት?»

«ሚስቴ ናት።»

«ወላሂ? እንዴት ያለች ቀይ ናት!»

«እሷስ ጠይም ናት። ሰሊጡን አስገብተን አብረን ተነሣን፤ ፎቶ አንሺው በኮምፒውተር አቀላት።»

«እጇ ግን ጠይም ነው።»

«ፊቷን ደጋ ወስዶ እጇን ቆላ ተወው!»

ሁለቱም ሳቁ።

«ታዲያ አሁን ወዴት ይዘዋት ነው?»

«ላስመልሳት ነዋ። ግድግዳው ላይ ልሰቅል ስል ባለቤቴ ከለከለችኝ።»

«ምን ብላ?»

«‹ከአንተ ጋር ሰሊጥ ያጨድሁት እኔ ነኝ፤ ይቺን ፀሐይ ነክቷት አያውቅም። ከቤቴ አውጣልኝ› አለችኝ።»

«እውነቷን ነው! ፎቶ አንሺውስ ምን አለ?»

«‹ሁሉም ሰው አቅላኝ ነው የሚለኝ› አለ። እሷ ግን አላለችውም።»

«ግን ይመለሳል?»

«እኔም ፈርቼ ደወልሁለት። ዋናውን ፎቶ አላጠፋሁትም አለኝ።»

«አልሃምዱሊላህ!»

«እኔንም ሽበቴን አጥቁሮ ጎረምሳ አድርጎኛል።»

«እሱንም ያስመልሳሉ?»

«እሱስ ይቆይ ልጄ፤ እሷም አልጠላችውም።»

እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ካለው ፖስታ ትናንት የተነሣሁትን ጉርድ ፎቶ አውጥቼ ከእጄ ጎን ያዝሁት።