የትኛው እግር ይቀድማል?

አዛውንቱ አሰልጣኝ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም፣ የክለቡን ሕንፃ ዛሬም እንደ ቤታቸው ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት። የዚያን ቀን ጠዋት ግን አምስቱን የመግቢያ ደረጃዎች ወጥተው በሩን እንዳለፉ ባዩት ነገር ቆም አሉ። አዲሱ የቡድን መሪ፣ የዱሮ አጥቂያቸው «መብረቅ»፣ ከውስጠኛው ደረጃ ግርጌ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ተቀምጧል። ከላይ፣ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል የሚወርዱትን ተጫዋቾች ፊታቸውን ትቶ እግር እግራቸውን ያያል።

«ምን ጠፋብህ?» አሉት።

«ኧረ ምንም አልጠፋብኝም፣ ጋሼ።» ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። «ሲወርዱ እያየሁ ነው።»

«ጫማህን ሰቅለህ፣ ስንት ዓመት የስፖርት ማኔጅመንት ተምረህ፣ መጨረሻህ የደረጃ ዘበኛ መሆን ነው?»

መብረቅ ሳቀ። አዛውንቱ አልሳቁም። ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው የቡድኑ ተከላካይ ነው፤ ከእሁዱ የፍጻሜ ጨዋታ እንደሚቀር የሰሙት ትናንት ነው። ጨዋታውን ደግሞ የትልቅ ክለብ መልማዮች ሊያዩት ይመጣሉ።

«ልጁን ለምን አስቀረኸው?»

«ግራ ጉልበቱን ያመዋል።»

«ነገረህ?»

«አልነገረኝም።»

«ሐኪም አየው?»

«ሰኞ ያየዋል።»

«እሱ አላለ፣ ሐኪም አላለ። ታዲያ ማን አለ? ደረጃው?»

«አዎ፣ ደረጃው።»

አዛውንቱ ንዴታቸው ሳይበርድ ጉጉት ያዛቸው። «እስቲ አስረዳኝ» አሉ።

«ጉልበቱ ደህና የሆነ ሰው ግራ ቀኝ እያፈራረቀ ይወርዳል። ያመመው ግን የታመመውን እግር ያስቀድምና ጤነኛውን ከጎኑ ያሳርፋል። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ልጅዎ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሚያስቀድመው ግራውን ነው።»

«በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ከጨዋታ በፊት ‹ማን ያመዋል?› እላለሁ፤ ‹ደህና ነን› ትሉኛላችሁ፤ አለቀ።»

«እኔም ብያለሁ፣ ጋሼ። በመጨረሻ ጨዋታዬ ቀን።»

አዛውንቱ ያን ቀን መብረቅ ማንም ሳይነካው ለብቻው ሲወድቅ አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልመታም። እሳቸውም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነገሩን ዕድል ሲሉት ኖረዋል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የጠየቁኝ እኮ ሃያ ሰው ፊት ነው። ጥያቄው መልሱን ይዞ ነበር የሚመጣው። እዚህ ሥራ ስገባ መጀመሪያ የቀየርኩት እሱን ነው። አሁን እያንዳንዱን ለብቻው ‹ደረጃ ስትወርድ የትኛው እግርህ ይቀድማል?› እለዋለሁ። ይሄ የወኔ ጥያቄ አይደለም፤ የሚያፍርበት የለም። የማያውቀውም ነገ አስተውሎ ይነግረኛል። ባለፈው ወር ሦስት ሰው በዚህ ተገኘ፤ ሁለቱ አንድ ሳምንት አርፈው ተመልሰዋል።»

«የእኔንስ ልጅ ጠየቅኸው?»

«‹ሁለቱም ይቀድማሉ› አለኝ። የእርስዎ የልጅ ልጅ አይደል።»

አዛውንቱ በአርባ ዓመት የሥልጠና ዘመናቸው ብዙ ነገር ጠይቀዋል፤ አጠያየቅ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ግን አንድም ቀን አስበውት አያውቁም። ይህን ሲያሰላስሉ የልጅ ልጃቸው ቦርሳውን አንግቶ ከላይ ብቅ አለ። ጎንበስ ብለው እግሩን አዩ። ግራው፤ ቀኙ ከጎኑ። ግራው፤ ቀኙ ከጎኑ። እጁ ከመደገፊያው አልተላቀቀም። እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«አያቴ፣ ደህና ነኝ» አለ ልጁ፣ ገና ሳይጠየቅ።

«እሱን አልጠየቅሁህም። የትኛው እግርህ ይቀድማል?»

ልጁ የቡድን መሪውን፣ ቀጥሎ ጫማውን አየ። «ግራው» አለ በመጨረሻ። «ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።» ከዚያም «መልማዮቹስ?» አለ።

«ጉልበትህ ከዳነ ደግመው ይመጣሉ፤ የምጠራቸውም እኔ ነኝ» አለው መብረቅ። «ከተበላሸ ግን ብጠራቸውም ምን ያዩልኛል?»

አዛውንቱ የልጁን ቦርሳ ተቀበሉት። ከዚያ ወደ መብረቅ ዞረው፣ «ያኔ እንዲህ ጠይቄህ ቢሆን ኖሮ ጫማህን ገና ዘንድሮ በሰቀልክ ነበር» አሉት። «አሥር ዓመት ትጫወት ነበር፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ አምስት ዓመት በአጥቂ እጦት አልቃጠልም ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጫወቱት ኳስ መኖሩን ዛሬ ገባኝ።»

ተሰናብተው የመግቢያውን ደረጃ መውረድ ጀመሩ። መብረቅ በሩ ላይ ቆሞ ሸኛቸው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቀኙ ነው የሚቀድመው።»

አዛውንቱ ቆመው ጫማቸውን አዩ። «ደህና ነኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«ሐኪሙ ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የሚያየን?»