የመምህር ሀብተወልድ ነጠላ

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መምህር ሀብተወልድ ጥቁር አዝሙድ ሊገዙ ጀጎል ውስጥ ወዳለው ትልቅ ገበያ፣ ወደ ጊዲር መጋላ ወረዱ። ቅመም ተራ ሲደርሱ ግን ተማሪያቸውን አሚናን ቅመም ከምትሸጠው እናቷ ከሩቂያ ጎን ተቀምጣ አዩና ፊታቸው ጠቆረ። ሰኞ ከክፍሉ መዝገብ ስሟን ሊሰርዙ ቆርጠዋል፤ ዓመት ሙሉ ሲጠይቋት እንደ ጀጎል ግንብ ዝም ብላቸዋለችና።

እዚያው ዘንቢል ይዛ ስትገበያይ ያገኟት ገላነሽ እሳቸው ባሉበት ትምህርት ቤት የምታስተምር ወጣት ናት።

"እንደምን አደሩ የኔታ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺውልሽ እብሪተኛዋ!"

"እኔ ክፍል ስገባ ትመልሳለች እኮ።"

"እሱ ነው የሚያናድደኝ! ላንቺ ትለፈልፋለች፣ እኔን ትንቃለች። ደንቆሮ ከሆነችም ቤቷ ትዋል። ስልሳ ልጅ አስቀምጬ ለአንዷ ስጮኽ ልዋል?"

"አይጩኹ። ጩኸቱንማ ዓመቱን ሙሉ ሞከሩት።"

ሩቂያ መስፈሪያዋን አስቀመጠች።

"ወላሂ ጌታዬ፣ ንቀት አይደለም። ኩፍኝ ካመማት ወዲህ አትሰማም። ያባርሩብኛል ብዬ ደበቅሁ።"

"ታዲያ የገላነሽን እንዴት ሰማች?"

"አፌን እያየች ነዋ!" አለች ገላነሽ። "የእርስዎን አፍ ማን አይቶት ያውቃል?"

መምህር ሀብተወልድ፣ ትልቅ ሰው በአደባባይ አፉን ሸፈን አድርጎ ይናገራል ተብለው ያደጉ ናቸው። ክፍል ውስጥም የነጠላቸው ጫፍ ከአፍንጫቸው ወርዶ አያውቅም።

"ጨዋነት ነው! እንደ ዘመኑ ልጅ እያገጠጥሁ ላስተምር?"

"ጨዋነቱን ለሠርግ ቤት ያቆዩት። እስቲ አዝሙድዎን ይጠይቋት።"

በነጠላቸው ውስጥ ሆነው ጠየቁ። አሚና ትክ ብላ አየቻቸውና፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው፣ አቀረቀረች። መምህሩ ግራ ቀኝ ገላመጡ። ነጠላውን ወደ አገጫቸው ሳብ አድርገው፣ ልጅቷ ቀና እስክትል ጠበቁ።

"ጥቁር አዝሙድ" አሉ ቀስ ብለው።

እጇ ከስድስቱ ሰፌድ መካከል ጥቁር አዝሙዱ ላይ አረፈ።

"አንድ ስፍር ነው ሁለት፣ የኔታ?"

ድምጿን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

"በአለንጋ መትቻታለሁ" አሉ መምህሩ።

"አውቃለሁ" አለች ገላነሽ። ላባብልዎ አላለችም።

ሰኞ አሚና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መምህሩ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ገቡ። ሁለት የፊት ጥርስ እንደሌላቸው ስልሳው ልጅ ያን ቀን አወቀ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጆሯቸው ቀላ፤ ነጠላውን ግን አልመለሱትም። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰሌዳ ዞረው መናገርም ተዉ፤ ጽፈው ሲጨርሱ ዞረው ያስረዳሉ። በዚህ የተጠቀመችው አሚና ብቻ እንዳትመስላችሁ። ከኋላ ተቀምጠው ሰነፍ ይባሉ የነበሩት ሁሉ፣ ቃሉ ሳይታፈን ሲደርሳቸው እጃቸውን ማውጣት ጀመሩ። ለአንዷ ሲባል የተደረገው ለስልሳው ተረፈ።

ያኔ ሰኞ ግን ገና ልማዱ አልለቀቃቸውም ነበር። መዝገቡ ላይ አቀርቅረው "አሚና አሕመድ" ብለው ጠሩ። ዝም። ብዕራቸውን አነሱ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ቀና አሉ፤ ዓይኖቿ አፋቸው ላይ ነበሩ።

"አሚና አሕመድ።"

"አቤት!"