ኬላው ላይ አላጎነበስኩም

ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ ስንሄድ ሚኒባሱ ላይ በትርፍ ከተጫኑት አንዱ እኔ ነበርኩ። ኬላው ገና ሲታይ ረዳቱ «ትርፎች፣ ጎንበስ በሉ! ትራፊክ አለ» አለ። ሁሉም እንደለመደው አጎነበሰ። አጠገቤ ዱካ ላይ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ ወገባቸውን ይዘው ሲያጎነብሱ ሳይ ግን አላስቻለኝም። «እማሆይ፣ ቀና ይበሉ! የሰው ቁጥር የተወሰነው እኮ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንዳይከዳን ነው። የምንደበቀው ከሚያድነን ሰው ነው!» አልኩ።

«ደግሞ መምህር ጭነናል!» ብሎ ረዳቱ ተሳለቀ። እማሆይ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «እኔስ የማጎነብሰው ለቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው» አሉት። ትራፊኩ አየንና ትርፎቹን በሙሉ አስወረደ። ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ «በል መምህር፣ በእግርህ ግባ!» አለኝ። የእማሆይን ከረጢት ትከሻዬ ላይ እያደረግሁ «እገባለኋ! ቀና ብዬ» አልኩት።