የእትዬ አስቴር ደብተር

ለሥራ ፈተና በላፕቶፔ የተመዘገብኩት ቤቴል፣ እትዬ አስቴር ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። እሳቸው የደንበኛን የምዝገባ ቁጥር ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። «የእኔን ይተዉት እትዬ፣ ብሮውዘሩ ያስታውሰዋል» ብዬ ስቄ ወጣሁ።

በፈተናው ጠዋት ብሮውዘሩ ራሱን አድሶ ጠበቀኝ። ያስቀመጥኩት ገጽ የለ፣ የይለፍ ቃሌ የለ። ማን አድስ አለው! ያለ ቁጥሩ ደግሞ ከበር ነው የሚመልሱኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። እትዬ አስቴር ደብተራቸውን ገለጡ፤ ቁጥሬ ከነስሜ ተጽፏል።

«ይተዉት ብዬዎት አልነበር?» አልኳቸው፣ ቁጥሩን እየገለበጥኩ።

«ብለኸኛል። በል ሩጥ፣ እንዳይረፍድብህ!»

ከፈተናው ስመለስ አዲስ ደብተር ገዝቼላቸው ሄድኩ። የመጀመሪያውን ገጽ እዚያው ቆሜ ሞላሁት፤ የይለፍ ቃሎቼን በሙሉ።